የወለተ ኪዳን ክርስትና እናት

ሻንጣ መዝጋት ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ ማን ይገምታል። ሐሙስ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እየሩስ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ የዘጋችውን ሻንጣ እንደገና ከፈተችው። የጎደለ ዕቃ ኖሮ አይደለም። ሻንጣው ከተዘጋ መሄድ ነው፤ የሚኬደው ደግሞ በሉማሜ በኩል ነው፤ ሉማሜ ላይ ታረቀ አለ።

ጓደኞቿ ዋንጂሩና አኪኒ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም። ከናይሮቢ ሲነሱ ስለ ጥቅምት ብርድ ሰምተው ሲንቀጠቀጡ የነበሩት ሁለቱ ኬንያውያን አሁን እያንዳንዳቸው ጋቢ ገዝተዋል፤ ጋቢው ሻንጣ አልገባ ስላላቸውም ለብሰውት አውሮፕላን ሊገቡ ወስነዋል። ዋንጂሩ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታች በር ላይ ለተቀመጡት ዘበኛ በለቀመቻት አማርኛ ደህና ይሁኑ ትላለች። ዘበኛው ተነስተው ከሰላምታዋ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ምርቃት ይመልሱላታል፤ እሷም አንዱም ሳይገባት አሜን ትላለች።

ሦስቱ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማይለያዩ ናቸው፤ በየዓመቱ ገንዘብ አጠራቅመው አንድ ባሕር ማዶ ለእረፍት ይወጣሉ። ዘንድሮ ቦታ የመምረጡ ተራ የእየሩስ ነበር፤ እሷም የአባቴን አገር ላሳያችሁ አለች። አባትና እናቷ ጎጃሞች ይሁኑ እንጂ እሷ ተወልዳ ያደገችው ናይሮቢ ነው፤ አባቷ እዚያ ደህና ስም ያለው ሆቴል አላቸው። አማርኛዋን ከወላጆቿ ብቻ ስለተማረችው በሃያ ሰባት ዓመቷ የምታወራው እንደ ባልቴት ነው። "ኧረ በሞቴ" ባለች ቁጥር ሉማሜ ላይ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ሉማሜ የወሰዳት የአባቷ አደራ ነው። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስን ሳታዪ እንዳትመለሺ ብለዋታል። አባቷና መሪጌታ በልጅነታቸው አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት አብረው የተማሩ፣ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ሲነፋፈቁ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ቤቱን ጠይቃ ስትደርስ በሩን የከፈተላት የመሪጌታ ልጅ ታረቀ ነበር። ታረቀ በየገጠሩ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የሚጠግን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ያን ቀንም ከሥራ መመለሱ ስለነበር እጁን ግሪስ ነክቶታል። እንግዳ እንዳያቆሽሽ ብሎ አንጓውን ዘረጋላት። እሷም አንጓውን ያዘች፤ መልቀቅ ካለባት ጊዜ ትንሽ አልፋ ነው የለቀቀችው። እሱ ቀና አለ። በዚያ ቀና ማለት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የወረዳው ፓምፕ ሁሉ ተነጋግሮ የተበላሸ ይመስል ታረቀ ለመለዋወጫ እያለ ደብረ ማርቆስ ይመላለስ ጀመር። አራቱ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፤ እሱ ከዋንጂሩና ከአኪኒ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጫወታል፤ እየሩስን የሚያያት እሷ ወደ ሌላ ስታይ ብቻ ነው። እሷም ይህን ስላወቀች ወደ ሌላ ማየት አበዛች። አንድ ቀን የሆቴሉ ዘበኛ ይህ የሚመላለሰው ጎረምሳ ምንሽ ነው ብለው በአባት ወግ ጠየቋት፤ ቀልጠፍ ብላ "ዘመዴ ነው" አለቻቸው። ታረቀ ሲሰማ በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ በስልክ "ሃሎ፣ ዘመድሽ ነኝ" እያለ ነበር የሚጀምረው።

በሰው ፊት ግን ጣቷን እንኳ ነክቷት አያውቅም። ለእህቱም ለአባቱም አልተናገረም። እንግዳ ናት፣ የአባቴ ወዳጅ ልጅ ናት፣ በደንቡ ሽማግሌ ሳልልክ ስሟ በሰው አፍ አይገባም ይላል። እየሩስ ያን ጊዜ ይህን ጨዋነቱን ወደደችለት።

አንድ ቀን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ያለ የእጅ ፓምፕ ሲጠግን ሦስቱም አብረውት ሄዱ። ዋንጂሩና አኪኒ የጤፍ ማሳ ፎቶ እናነሳለን ብለው ሆን ብለው ራቁላቸው። ታረቀ ብሎኑን እያጠበቀ፣ ዓይኑን ከመፍቻው ሳያነሳ፣ ናይሮቢም ፓምፕ ይበላሻል አይደል ብሎ ጠየቃት። እንዴታ አለችው። ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው።

"አንቺ እዚህ ኑሪ አልልሽም። እኔ እመጣለሁ። ለአባትሽ ሽማግሌ ልኬ፣ ሥራዬን አስረክቤ እመጣለሁ።"

እየሩስ ሳቀች። ውሃው በዚያው ቅጽበት ቡልቅ ብሎ ስለወጣ ሁለቱም ወደ ውሃው ዞሩ፤ እሷ ፊቷን ታጠበች፣ እሱ እጁን ታጠበ። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለች። እሱ ሳቋን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ እሷም እንዲወስደው ተወችው።

መውደድስ ትወደው ነበር። ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። የሚመላለስበትን የሞተር ብስክሌት ድምፅ ከመቶ ሞተር ትለየው ነበር። ግን ያን ቀን ሆቴል ተመልሳ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል በዓይነ ሕሊናዋ የመጣባት ሌላ ነገር ነው። ታረቀ ናይሮቢ፣ የአባቷ ሆቴል ውስጥ፣ እጅጌው የረዘመ የተሰጠው ኮት ለብሶ፣ በማይገባው ቋንቋ መሀል ቆሞ ፈገግ ሲል አየችው። አፈረችበት። ቀጥላም በማፈሯ አፈረች፤ ግን የመጀመሪያው ሀፍረት በሁለተኛው አልጠፋም።

ሌላም ምክንያት አገኘች፤ ይህኛው ለመናገር የሚያምር ነው። ሉማሜ ባደረች ማግስት ጠዋት ታረቀ አባቱን ቤተ ክርስቲያን ሲያደርስ አየች። መሪጌታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ማስተማሩን ግን አልተዉም። የመቋሚያቸውን አንዱን ጫፍ ታረቀ ይይዛል፣ ሌላውን እሳቸው። ድንጋይ ካለ "ከፍ" ይላል፣ ቦይ ካለ "ሰፋ" ይላል፤ ሌላ ወሬ የለም፤ እንዲህ እያሉ ከቤት እስከ ደጀ ሰላሙ ይደርሳሉ። መሪጌታ በኋላ ለእየሩስ እሱ ባይኖር እኔ ከደጅ አልወጣም ነበር ብለዋታል። እንዲህ ያለ ምክንያት ሰው እጅ ሲገባ ደስ ያሰኛል፤ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናልና። እየሩስም ሸፈነችበት፤ ውስጧ ግን ያውቅ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እየሩስ ሉማሜ ሳለች፣ ፍቅርአዲስ፣ የታረቀ ታናሽ እህት፣ እየሩስን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት ያለው አልፎ አልፎ ነው፤ እሷ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አባቷ ቤት ትታረሳለች። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ በማግስቱ ክርስትና ልትነሳ ነው። ክርስትና እናት ልትሆን የታሰበችው ጎረቤት ግን ድንገት ዘመድ ሞቶባት አማኑኤል ከተማ ለቅሶ ሄዳለች። ፍቅርአዲስ እያፈረች፣ አንቺ ብታነሺልኝስ አለቻት። ለጊዜው ችግር ብላ ብቻ እንዳልሆነም ነገረቻት። ክርስትና ካነሳሽልኝ ባሕር ብትሻገሪ የኛ ነሽ፣ እንዳትጠፊን ብዬ ነው አለች። እንግዳዋን ወዳ፣ ቤቷ ልታስቀራት ፈልጋ ነው። ወንድሟ በዚያችው እንግዳ ፍቅር መያዙን ማን ይንገራት።

እየሩስ እናቴን ልጠይቅ ብላ ወደ ግቢው ወጣች፤ ናይሮቢ ደወለች። እናቷ መጀመሪያ እልል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ታረቀ ምንም የማያውቁት እናት፣ ማወቅ የሚገባትን ሁሉ ነገሯት።

"አበልጅ በኛ አገር ቀልድ አይደለም፣ እየሩስዬ። የልጅቱ እናት አባት አበልጆችሽ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ወንድሞችሽ ናቸው። ከእንግዲህ ከዚያ ቤት መጋባት የለም፣ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው። ይህን አውቀሽ ነው የምታነሺያት። ትችያለሽ?"

ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም ነበር። ታረቀ ስልክ የማይሠራበት ቀበሌ ፓምፕ ሊተክል ሄዶ ነበር፤ እዚያው ያድራል። እየሩስ ገመድ ላይ የተሰጣውን የሥራ ሸሚዙን አየች። ፊት ለፊት አልችልም ልትለው ያልቻለችው ነገር እዚህ ሌላ ሰው፣ ሌላ ደንብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊልላት ተዘጋጅቶ ቆሟል። እሷ መናገር አይጠበቅባትም። "እችላለሁ" አለች።

እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍታ ልጅቷን ታቀፈች። ወደ ምዕራብ ዙሪ ተባለች፣ ዞረች፤ ስለ ሕፃኗ ሆና ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዙሪ ተባለች፣ ዞረች፤ አመነች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ልጅቷ ወለተ ኪዳን ተባለች፤ ማተቧ ታሰረላት፤ ቄሱ ከውሃው አውጥተው የሚንቀጠቀጠውን ገላ በእየሩስ ክንድ ላይ ሲያኖሩት ግን አጥብቃ አቀፈቻት። ይህች ሕፃን ምን አደረገችኝ ብላ አሰበች።

ታረቀ የደረሰው ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ነው። ቦቲ ጫማው ጭቃ ነው። መሪጌታ ኮቴውን ለይተው፣ "ታረቀ፣ ና እስቲ አበልጃችንን እንኳን ደስ ያለሽ በላት" አሉ። እሱ በሩ ላይ ቆመ። ሕፃኗን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ ከዚያ እየሩስን አየ። ያ ዓይን ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ የነበረበት ድንጋጤና ሐዘን ብቻ ነው። ለእሷ አዘነላት። ሳታውቂ ምን ውስጥ ገባሽ የሚል አስተያየት ነበር። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለና እጁን ልታጠብ ብሎ ወጣ። የውሃው ድምፅ ረጅም ጊዜ ተሰማ፤ እሱ ግን ተመልሶ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።

አሁን ሐሙስ ነው። ዋንጂሩ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ምንም ሳትጠይቅ የሻንጣውን ዚፕ ይዛ ሳበችው። እየሩስ ሻንጣው ሲዘጋ አየችው፤ መሄዱ ሳይሆን በሉማሜ ማለፉ አስፈራት።

ሚኒባሱን የተከራዩት ከሾፌሩ ከአለበል ጋር ነው። አለበል ወሬ የሚወድ፣ ግን ፀሐይ ሳይከር ዓባይን እንሻገር እያለ የሚጨቀጭቅ ሰው ነው። ሉማሜ ላይ ለስንብት ትንሽ እንደሚቆሙ ሲነግሩት በጄ አለ፤ ጥሩምባ ስነፋ ግን ትመጣላችሁ ብሎ አስጠነቀቀ። መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ወደ ወርቅ እየተለወጠ ነው። ኬንያውያኑ የጋራ ፎቶዎቻቸውን እያዩ ይስቃሉ። እየሩስ መስኮቱን ተደግፋ ምን እንደምትለው ታስባለች፤ ደግሞ ምንም ባልል ይሻላል ትላለች። ሳታውቅ የበደለች መስላ መሄድ ትችላለች፤ አውሮፕላኑ ማታ ነው፤ ነገ ናይሮቢ ናት። የሚያውቅባት የለም። ይህ ቀላል መሆኑ ነው ያስጠላት።

መሪጌታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሦስቱንም ራሳቸው ላይ እጃቸውን እየጫኑ መረቁ። እየሩስ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆየ። የወዳጄ ልጅ ሆነሽ መጣሽ፣ የራሴ ልጅ ሆነሽ ትሄጃለሽ አሏት። ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጆቼ ግን ምን እንደሆኑ አላውቅም፣ ከክርስትናው ወዲህ ሲነጋገሩ አልሰማም፤ ዓይን ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ አሉ። 

ፍቅርአዲስ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ልጅቷ ተኝታለች። የፍቅርአዲስ ዓይን አብጧል። ታረቀ እሑድ ዕለት ሁሉንም ነግሯታል፤ በቁጣ ነው የነገራት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም፤ እህል ስታቀርብለት ዞር ይላል፤ ሕፃኗንም አቅፏት አያውቅም።

"አላወቅሁም፣ እየሩስ። በዚች ልጅ እምልልሻለሁ አላወቅሁም። ቢነግረኝ እኮ እንኳን አንቺን ልጠይቅ፣ እኔው ሽማግሌ እልክለት ነበር። በገዛ እጄ በራችሁን ዘጋሁት። አንቺም አገሩን አታውቂ፣ ምስኪን። ይቅር በዪኝ።"

ምስኪን መባሉ እየሩስን አሳፈራት። አቀፈቻት። አቅፋትም ቆየች፤ ፊቷን ማሳየት ፈርታ ነው። የሰው ይቅርታ መጠየቅ እንደዚያን ቀን ከብዷት አያውቅም።

ከጓዳ ስትወጣ ታረቀ ከቤቱ ጀርባ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ጠራት። ከግቢው ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ የሚያወሩትን ግን ማንም አይሰማም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጢሙን ተላጭቷል። ከሲታ ሆኗል፤ በጥቂት ቀን ሰው እንዲህ ይጎዳል እንዴ ብላ ደነገጠች። 

"ልለምንሽ ነው የጠራሁሽ" አለ። "ይቅር በዪኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ይህን ደንብ ከየት ታውቂዋለሽ። ለእህቴ አንዲት ቃል ብነግራት ኖሮ አትጠይቅሽም ነበር። አባቴን አፈርኩ፣ ሰውን አፈርኩ፣ ነገሩን በደንቡ ላድርግ ስል ደንቡ ቀደመኝ። መፍትሔ ይኖር እንደሆነ ብዬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ። የለም አሉኝ። አንቺ ልጅ ልታከብሪ ብለሽ ያደረግሽው ነው፤ ቅር እንዳይልሽ። እዳው በኔ ነው።"

ደግሞም ፍቅርአዲስን ማየት እንዳቃተው ነገራት። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ ግን እሷን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። እህቴ ናት፣ ከእናቴ ሞት በኋላ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን እንዴት አድርጌ እንደምታረቃት አላውቅም አላት።

አለበል ጥሩምባውን ነፋ። ዋንጂሩና አኪኒ ከመሪጌታ ጋር ተሰናብተው ወደ መኪናው ሲሄዱ ይታያሉ። እየሩስ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት። ዝም ካለች ታረቀ እስከ ዕድሜ ልኩ በፍቅር ያስባታል።  እህቱ ግን ባልሠራችው ጥፋት በገዛ ወንድሟ ትጠላለች፤ ሕፃኗ በአጎቷ ዓይን እርግማን ሆና ታድጋለች፤ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌም የልጆቻቸውን ዝምታ እያዳመጡ ይኖራሉ። በመወደድና በእነዚህ ሰዎች ሰላም መካከል ቆማለች። መወደዱ አሳሳት። እውነቱን እንናገር፣ በጣም አሳሳት።

"አውቄ ነው" አለች።

ታረቀ አልገባውም።

"እናቴ ቅዳሜ በስልክ ነግራኛለች። ሁሉንም። መጋባት እንደማይቻል። ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እችላለሁ አልኳት። አውቄ ነው ያነሳኋት፣ ታረቀ።"

እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ በርሜሉን ያዘ።  አንዲት ቃል ብቻ ናት ከአፉ የወጣችው፤ ለምን አለ።

ያማረው ምክንያት አፏ ላይ መጣ። መቋሚያው፣ "ከፍ" እና "ሰፋ"፣ መሪጌታ ብቻቸውን በር ላይ። ጀመረችው፤ ለአባትህ ብዬ ልልህ እችላለሁ አለች። ከዚያ ግን አቆመች። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሰው ፊት፣ በአባቱ መሸሸግ ሁለተኛ በደል ሆኖ ታያት።

"አባትህን አስቤያለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ናይሮቢ ስትመጣ በሐሳቤ አየሁህና ፈራሁ። አፈርኩ። እወድሃለሁ፤ ግን ለመውደዴ የሚበቃ ድፍረት የለኝም። አልችልም ብዬ ፊትህ ላይ መናገር አቃተኝና ሕፃኗን አሸከምኳት። ፍቅርአዲስ ምንም አላጠፋችም። አንተም አላጠፋህም።"

እንባዋ መጣ፤ ልትጠርገው እጇን አላነሳችም። ቢሰድባት ትወድ ነበር። በጥፊም ቢመታት ፊቷን አታዞርም ነበር። ታረቀ ግን መሬት መሬት አየ።

"አልችልም ብትይኝ እሰማሽ ነበር እኮ" አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። "ያን ቀን፣ ውሃው ዳር። አልችልም ብትይኝ ይከፋኝ ነበር፤ ግን እሰማሽ ነበር።"

ይህን ብሎ ጥሏት ሄደ። ወደ ጓዳው ነው የሄደው። እየሩስ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቆመች። መልስ የሌለው ነገር ተናግሯት ሄዷል። እሰማሽ ነበር ያለው እውነት ነው፤ ይሰማት እንደነበር እሷም ታውቃለች፤ አውቃውም ነው ያልተናገረችው። ከሁሉ በላይ የቆጫት ይህ ነው።

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። እግሯን እየጎተተች ወደ መኪናው ሄደች። ዋንጂሩ በሩን ከፍታ ጠበቀቻት። አኪኒ ጋቢዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በር ድረስ ወጡ፤ ማን እንዳመጣቸው ግን እየሩስ አላየችም። አንገቷን ደፍታ ነበር።

ከዚያ የመሪጌታን ድምፅ ሰማች። ደስ ያላቸው ሰው ድምፅ ነው፤ እሰይ፣ ተናገራችሁ አሉ።

ቀና ስትል ፍቅርአዲስን አየች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ከእንባዋ መሀል ፊቷ በርቷል። ታረቀ ከጎኗ ነው። ወለተ ኪዳንን ታቅፏል። ሕፃን ማቀፍ ያልለመደ ሰው አስተቃቀፍ ነው፤ ራሷን በመዳፉ ደግፎ፣ ክርኑን አንስቶ፣ የምትሰበር ዕቃ የያዘ ይመስላል። ሕፃኗ የሸሚዙን ቁልፍ ይዛ አትለቅም። ሁለቱ ተጠግተው ወደ መኪናው መጡ። ፍቅርአዲስ እየሩስን አየቻት፤ ሁሉንም ከታረቀ ሰምታለች። ዓይኗ ውስጥ ቅያሜ ነበር፤ ቅያሜው ግን እንደ እህት ቅያሜ ነው፣ የሚያልፍ። በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ጉንጯን ሳመቻትና ልጅሽን ተሰናበቻት አለቻት።

ታረቀ ሕፃኗን ከፍ አድርጎ አቀበላት። እየሩስ ግንባሯን ሳመች፤ አዲሱ ማተብ አንገቷ ላይ ትንሽ ሰፍቶ ነበር፤ አስተካከለችላት። ልጅቷን መልሳ ስታቀብለው እጃቸው አልተነካካም። አለበል ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ ታረቀ ልጅቷን ለእህቱ ሰጠና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

በአባቱ ፊት፣ በእህቱ ፊት፣ በመንገድ አላፊው ሁሉ ፊት ጉንጯን ሳማት። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣ ደግሞ በዚህ፤ ሰው አክስቱን፣ እህቱን፣ የአጎቱን ልጅ እንደሚስመው። እስከዛሬ በሰው ፊት ጣቷን ያልነካ ሰው አሁን ማንም ሳይደነቅበት፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያይ ሳማት። ምክንያቱም አሁን ይፈቀድለታል።

"በሰላም ግቢ፣ አበልጅ" አላት። "መንገዱን ጨርቅ ያርግልሽ።"

ድምፁ ውስጥ ሽሙጥ ፈለገች፤ የለም። ምሬት ፈለገች፤ ጥቂት ነበረች፤ ግን ከበላይዋ ሌላ ነገር ተጭኗት ነበር። ታረቀ ከልቡ ነው የተናገረው። ይቅር ብሏታል፤ ይቅር ያለበትም ቃል በሩን ለዘለዓለም የዘጋው ራሱ ቃሉ ነው። እየሩስ አሜን ልትል ፈልጋ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሚኒባሱ ከሉማሜ ወጣ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት የዚያችን የእጅ ፓምፕ እጀታ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ ውሃው በደንብ ይወርዳል፤ ጥሩ አድርጎ ነው የጠገናት። ዋንጂሩ የእየሩስን እጅ ይዛ ዝም አለች። አለበል ግን ዝምታ አይችልም። በመስታወቱ አየት አድርጓት፣ ያ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ከልቡ ነው የሸኘሽ፣ ምንሽ ነው ብሎ ጠየቃት።

እየሩስ ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች።

"ዘመዴ ነው" አለችው፤ ይህን ጊዜ አልዋሸችም።